ከመለወጥ በፊት መለካት፦ የመኪና ትሮትል ሴንሰር ብልሽት እንዴት ይታወቃል?

አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ተሽከርካሪ ካላት ብዙውን ጊዜ ያላት አንዲት ብቻ ናት። በዚያችው መኪና ካህናት ለፍትሐትና ለክርስትና ይመላለሱባታል፤ ዕጣንና ጧፍ፣ ስንዴና ሲሚንቶ ይጫንባታል፤ ሌሊት ምጥ የጸናባት እናት ስትገኝም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የምትሮጠው እርሷው ናት። ስለዚህ መኪናዪቱ መቆራረጥ ስትጀምር ጉዳዩ በሹፌሩና በመካኒኩ መካከል ብቻ የሚቀር አይደለም። ወጪውን በቃለ ጉባኤ የሚያጸድቀው ሰበካ ጉባኤው ነው፤ ገንዘቡም ምእመናን በሙዳየ ምጽዋት የጣሉት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ አነስተኛ ዕቃ ነው፤ መካኒኮች «የትሮትል ሴንሰር» ይሉታል። ይህን ዕቃ የመረጥነው በግምት ከሚለወጡት የመኪና ክፍሎች አንዱ በመሆኑና፣ ደኅና መሆኑን ወይም መበላሸቱን በሩብ ሰዓት ልኬታ ማወቅ የሚቻል በመሆኑ ነው። ከሰበካ ጉባኤ አባላትም ሆነ ከካህናት የመካኒክ ሙያ አይጠበቅም። የሚጠበቀው ጋራዡ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል፤ ይለወጥ» ሲል «በምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መረዳት መቻል ነው።

ትሮትል ማለት ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋ በር ነው። በሩ ክብና ስስ ብረት ሆኖ በአየር ማስገቢያው ቧንቧ ውስጥ በዘንግ ላይ ይዞራል። ሹፌሩ የቤንዚን ፔዳሉን ሲረግጥ ይከፈታል፤ እግሩን ሲያነሣ ይዘጋል። በካርቡራተር ዘመን የሚገባው አየር ቤንዚኑን በራሱ ስቦ ይወስድ ስለነበር የበሩን መከፈት ለሌላ አካል ማሳወቅ አያስፈልግም ነበር። በኢንጀክተር በሚሠሩት ሞተሮች ግን ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም የሹፌሩን እግር አያይም። በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ፣ በምን ፍጥነትም እንደተከፈተ የሚነግረው በዘንጉ ጫፍ ላይ የተገጠመው ይህ ሴንሰር ነው። የገባውን አየር መጠን የሚለካ ሌላ ሴንሰር አለ፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

በሴንሰሩ ውስጥ ስስ የካርቦን ንጣፍ አለ። ለንጣፉ በአንድ ጫፍ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይመጣለታል፤ ሌላው ጫፍ መካኒኮች «ማሳ» ከሚሉት የመሬት ሽቦ ጋር ይገናኛል። ከበሩ ዘንግ ጋር አብራ የምትዞር ትንሽ የብረት ጣት በንጣፉ ላይ ትንሸራተታለች፤ በደረሰችበት ቦታ ያገኘችውን ቮልት በሦስተኛው ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ትመልሳለች። በሩ ሲዘጋ የሚመለሰው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው፤ ወለል ብሎ ሲከፈት 4 ቮልትና ከዚያም ጥቂት ከፍ ይላል። የሚያረጀውም በዚሁ አሠራሩ ነው። ዘወትር የሚደገም የዳዊት መጽሐፍ ቅጠሉ ጣት በሚያርፍበት ጠርዝ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ የካርቦን ንጣፉም የብረት ጣቷ አብዝታ በምትመላለስበት ቦታ ይፋቃል። ያ ቦታ በሩ ጥቂት ብቻ ተከፍቶ በከተማ ውስጥ በዝግታ የሚነዳበት ልክ ነው። መኪናዪቱ በጎንደር መንገድ በረጅሙ ስትሄድ ደኅና ሆና ከተማ ገብታ ከቆመችበት ስትነሣ የምትቆራረጥ ከሆነ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ መኪናዪቱ ይህ ሴንሰር አላት ወይ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ ወጪ ያድናል። በገጠር የልማት ሥራ የተለመደው ላንድክሩዘር «ሃርድቶፕ»፣ 1ኤችዜድ የተባለው የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ናፍጣውን የሚመጥነው በሜካኒካል ፖምፓ ነው፤ ፔዳሉም ከፖምፓው ጋር በገመድ ይያያዛል። እንዲህ ያለ መኪና ኃይል ቢያጣ ምክንያቱን በናፍጣ ፊልትሮው፣ ወደ ነዳጁ በገባ ውኃ፣ በአየር ማጣሪያው መፈለግ ይገባል። አዲሶቹ የናፍጣ ሃይሉክሶች ደግሞ ገመድ የላቸውም፤ ሴንሰሩ ያለው በሹፌሩ እግር ሥር፣ በፔዳሉ ላይ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠሩ የቤንዚን ኮሮላዎችና መሰሎቻቸው በአብዛኛው ፔዳሉ በገመድ የሚስበው የአየር በርና በዘንጉ ጫፍ ላይ የተለጠፈ ሴንሰር አላቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የቤንዚን አውቶሞቢሎች በሩን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፍቱ ናቸው። ኮፈኑን ከፍቶ ወደ አየር በሩ የሚሄድ የብረት ገመድ መኖር አለመኖሩን ማየት ከእነዚህ ወገኖች የትኛው እንደሆነ ይነግራል። ቀጥሎ የምንገልጸው የልኬታ ሥርዓት በዋናነት ባለ ገመዱን የቤንዚን መኪና ይመለከታል፤ ስለ ኤሌክትሪኩ በኋላ እንመለስበታለን።

የሴንሰሩ መታመም በልዩ ልዩ መልክ ይታያል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሞተሩ ለቅጽበት ያመነታል፣ ያስነጥሳል፣ ከዚያ በድንገት ይስባል። እግር ከፔዳል ተነሥቶ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ፍጥነት፣ መካኒኮች «ሚኒሞ» የሚሉት፣ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴም መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲቆም ይጠፋል። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ከመጠን ዘግይቶ ወይም እየደነገጠ ይቀይራል። ብዙዎች የማያውቁት አንድ ምልክትም አለ፤ ሴንሰሩ በስሕተት «በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል» የሚል መልእክት ከሰጠ፣ በብዙ መኪናዎች ላይ ኮምፒውተሩ ሞተሩ በቤንዚን እንደታፈነ ይቆጥርና ሲነሣ ቤንዚን ይከለክላል። ያን ጊዜ ባትሪው ደኅና፣ ካንዴላው ደኅና ሆኖ ሳለ ሞተሩ እየዞረ አይነሣም።

ከእነዚህ ምልክቶች ውስጥ የሴንሰሩ ብቻ የሆነ አንድም የለም፤ በግምት የመለወጥ ጉዳትም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአካባቢያችን በቅድሚያ የሚጠረጠረው ቤንዚኑ ነው። ማደያ ባለቀበት ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ቤንዚን ውኃ ወይም ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ የሚያስከትለውም መቆራረጥ ከታመመ ሴንሰር ጋር በመልክ አይለይም። ብልሽቱ ነዳጅ በተቀዳ ማግሥት ከጀመረ ሴንሰሩን ትቶ ነዳጁን መመርመር ይገባል። ቀጥሎ አቧራው ነው። አስፋልት ባልሆነ መንገድ የምትመላለስ መኪና የአየር ማጣሪያዋ ቶሎ ይደፈናል፤ በአየር በሩ ጠርዝ ላይም አቧራና የዘይት ጭስ ተደባልቆ ጥቁር ቆሻሻ ይጋገራል። በሩ በቆሻሻ ምክንያት በሚገባ ካልተዘጋ ወይም ከተጣበቀ ሚኒሞው ይናወጣል። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ማጽጃና ጨርቅ ነው።

ከፍታውም መታወስ አለበት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር በዚህ ምክንያት ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሴንሰር በመለወጥም አይመለስም። ከአዲስ አበባ የተገዛች መኪና በዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳ እንደገና ወደ ደጀን ስትወጣ የኃይሏ መለዋወጥ ለማንም ሹፌር ግልጽ ነው። ጤነኛ መኪና ግን ኃይሏ ቢቀንስም የምትስበው ሳታመነታ ነው። ሹፌሩን «ደከመች ወይስ ታመነታለች?» ብሎ መጠየቅ ሁለቱን ይለያል።

ስለ ሹፌሩ ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። የታመመ ሴንሰር ቤንዚን ያባክናል፤ ያረጀ ካንዴላ፣ የሞተር ሙቀት የሚለካ ሴንሰር መበላሸትም እንዲሁ። የነዳጅ ሒሳቡ በድንገት ከፍ ሲል በኮሚቴው ስብሰባ መጀመሪያ የሚታሰበው ሹፌሩ ነው፤ «ይቀዳል» ይባላል። በጥርጣሬ የጠፋ የሰው ስም ደግሞ ዘግይቶ በሚገኝ የመካኒክ ማስረጃ በቀላሉ አይመለስም። መኪናዪቱ ሳትለካ በሹፌሩ ላይ ቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ አጥብቀን እንመክራለን። ነዳጁ የተቀዳበት ቀን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡና የተሄደበት መንገድ በመዝገብ ከተጻፈ ብልሽቱ የጀመረበትን ሳምንት እንኳ ማግኘት ይቻላል። መዝገቡ ሹፌሩንም ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ብዙ ጋራዦች የሚጀምሩት መኪናዪቱን ከኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ነው፤ ተገቢም ነው። ኮምፒውተሩ የሚያወጣቸው ኮዶች ግን በትክክል መነበብ አለባቸው። «ፒ0122» ማለት ከሴንሰሩ የሚመጣው ቮልት ከሚገባው በታች ነው ማለት ነው፤ «ፒ0123» ከሚገባው በላይ ነው ማለት ነው፤ «ፒ0121» የሚመጣው ቮልት ከሌሎቹ ሴንሰሮች ንባብ ጋር አልተስማማም ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱም «ሴንሰሩን ለውጡ» አይልም። የ5 ቮልቱ ሽቦ ቢበጠስ «ፒ0122» ይወጣል፤ የማሳው ሽቦ ቢበጠስ «ፒ0123» ይወጣል፤ በሁለቱም ሁኔታ ሴንሰሩ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሴንሰር ተገጥሞ ያው ኮድ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒውም፣ ንጣፉ በአንድ ቦታ ብቻ የተፋቀ ሴንሰር ቮልቱ ከተፈቀደው ወሰን ሳይወጣ ለቅጽበት ብቻ ስለሚወድቅ ያለ ምንም ኮድ መኪናዪቱን ሊያስቸግር ይችላል። ኮድ አለመኖሩ የጤንነት ማረጋገጫ አይሆንም። ኮዱ ከመሰረዙ በፊትም በወረቀት ይጻፍ፤ ከተሰረዘ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

በድሮዎቹ ቶዮታዎች ላይ ኮዱን ለማንበብ ማሽን እንኳ አያስፈልግም። በኮፈኑ ሥር «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሣጥን አለ፤ በውስጡ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሣ ከተከፈተ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቆጥራል። አራት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጥቂት ቆሞ አንድ ጊዜ ቢደግም ኮድ 41 ነው፤ የትሮትል ሴንሰሩን መስመር ያመለክታል።

ከኮዱ በኋላ ዓይን ይሠራል። የሴንሰሩ ሶኬት በእጅ ተነቅሎ ይታይ፤ አረንጓዴ ዝገት፣ የላላ ጥርስ፣ የገባ ውኃ አለበትን? መኪናዪቱ ከእህል ጎተራ ወይም ከዕቃ ቤት አጠገብ የምታድር ከሆነ አይጥ የበላው ሽቦ ይፈለግ። ብልሽቱ ከላቫጆ በተመለሰች ማግሥት ጀምሮ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ግማሽ ያህል ታውቋል፤ በኃይል የሚረጭ ውኃ ወደ ሞተሩ ሶኬቶች ሲገባ የሴንሰሩን ቮልት ያዛባል። በነገራችን ላይ መኪናና ባጃጅ በጣና ዳር ማጠብ ከሶኬቱም የባሰ ጉዳት አለው፤ ዘይቱና ሳሙናው የሚሄደው በደሴቶቹ ያሉ መነኮሳትና የዳር ነዋሪዎች ወደሚቀዱት ውኃ ነው። ሞተሩ መጽዳት ካለበት በደረቅ ብሩሽና በጨርቅ ይጽዳ።

ከዚያ ልኬታው ይመጣል። የሚያስፈልገው አንድ መልቲሜትር ነው፤ አጥቢያው የራሱ ቢኖረው መልካም ነው፤ የባትሪን ጤንነት፣ የድምፅ ማጉያውንና የቤተ ክርስቲያኑን የመብራት መስመር ለመፈተሽም ያገለግላልና። ሶኬቱ ተነቅሎ ቁልፉ ይከፈታል፤ ሞተሩ አይነሣም። በሶኬቱ በኩል፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ በሚመጡት ሽቦዎች ላይ፣ በ5 ቮልቱና በማሳው መካከል ይለካል። በቶዮታ የ5 ቮልቱ ጥርስ ቪሲ፣ የመልእክቱ ቪቲኤ፣ የማሳው ኢ2 ይባላሉ። ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት ከተነበበ ኮምፒውተሩና ሽቦው ድርሻቸውን ተወጥተዋል። ምንም ካልተነበበ ሴንሰሩን መለወጥ ትርጉም የለውም፤ 5 ቮልት ያልደረሰው አዲስ ሴንሰርም ዝም ይላልና። በዚህ ጊዜ የማሳው ሽቦ ተበጥሶ እንደሆነ ለማወቅ ቀዩን የመልቲሜትር ጫፍ በ5 ቮልቱ ላይ ትቶ ጥቁሩን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ማድረግ ነው፤ 5 ቮልቱ ከታየ የጠፋው ማሳው ነው። አሁንም ካልታየ ሽቦው ተበጥሷል፤ ወይም ያንኑ 5 ቮልት የሚጋራ ሌላ ሴንሰር በውስጡ ተገናኝቶ መስመሩን ጥሎታል። የሌሎቹን ሴንሰሮች ሶኬት አንድ በአንድ ሲነቅሉ 5 ቮልቱ የተመለሰበት ቅጽበት ጥፋተኛውን ይነግራል።

5 ቮልቱም ማሳውም ደኅና ከሆኑ ሶኬቱ ወደ ቦታው ተመልሶ የመልእክቱ ሽቦ ይለካል። የመልቲሜትሩ ጫፍ በሶኬቱ ጀርባ በቀጭን መርፌ ይገባል፤ ሽቦውን መብሳት ለውኃ በር መክፈት ስለሆነ አይመከርም። በሩ ተዘግቶ ሳለ በብዙ ቶዮታዎች ከ0.3 እስከ 0.8 ቮልት ይነበባል፤ ወለል ብሎ ሲከፈት ከ3.2 እስከ 4.9 ቮልት። ዋናው ምርመራ ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ጉዞ ነው። አንድ ሰው ከኮፈኑ ሥር ሆኖ የበሩን ገመድ በእጁ እጅግ በዝግታ ይሳብ፤ ሌላው ንባቡን ይከታተል። ቮልቱ እንደ ሐይቅ ዳር ሜዳ ያለ ዝላይ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። በአንድ ቦታ ላይ ወደ ዜሮ ከወደቀ፣ ከዘለለ ወይም ከቆመ ንጣፉ እዚያ ላይ ተፍቋል፤ ሴንሰሩ በእውነት ተበላሽቷል። ለዚህ ሥራ ቀስት ያለው የድሮ መልቲሜትር ቁጥር ከሚያሳየው ይሻላል፤ የቁጥሩ መልቲሜትር ንባቡን የሚያድሰው በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ አጭሯን መውደቅ ሳያያት ሊያልፍ ይችላል፤ ቀስት ግን ስትደነግጥ ትታያለች። ጉዞው ሦስት አራት ጊዜ ይደገም፤ በተለይ ከዝግ እስከ ሩብ መከፈት ባለው ቦታ። ብልሽቱ የሚታየው ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ልኬታውም በሙቁ ይደረግ። ንባቡ እየታየ ሽቦውን ማወዛወዝና ሴንሰሩን በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ቀስ ብሎ መንካት የተደበቀ የላላ ግንኙነትን ያወጣል።

በሩ ዝግ ሆኖ ንባቡ 1.2 ቮልት ቢሆን፣ ጉዞው ግን ለስላሳ ከሆነ፣ ሴንሰሩ ያለቦታው ተቀምጧል ወይም በሩ በቆሻሻ አልተዘጋም። በብዙ የቆዩ መኪናዎች የሴንሰሩ ቡሎኖች የሚገቡበት ቀዳዳ ረዘም ያለ ነው፤ ቡሎኑን አላልቶ ሴንሰሩን በጥቂቱ በማዞር ንባቡን ወደ ልኩ መመለስ ይቻላል። ለዚህ መለዋወጫ አያስፈልግም። ለዚያችው መኪና የተወሰነውን ትክክለኛ ቁጥር ከጥገና መጽሐፏ መውሰድ ግን ግዴታ ነው፤ ከላይ የሰጠናቸው ቁጥሮች ለአብዛኞቹ የሚቀርቡ እንጂ ለሁሉም የተጻፉ አይደሉም።

በኤሌክትሪክ የሚከፈተው የአየር በር ሌላ ሥርዓት አለው። ፔዳሉ ላይ ሁለት፣ በሩም ላይ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ሁለቱ መልእክቶች እርስ በርስ ይመሳከራሉ፤ ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ ማንኛቸውንም አያምንም። ለበሩ «ፒ2135»፣ ለፔዳሉ «ፒ2138» የተባሉት ኮዶች የዚህ አለመስማማት ምልክት ናቸው። ኮምፒውተሩ በዚያን ጊዜ በሩን በጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍቶ ይተወዋል፤ መኪናዪቱ እየተጎተተች እስከ ቅርብ መንደር ትደርሳለች። ሹፌሩ «ኃይል አጣች» የሚለው ይህንኑ ጥበቃ ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ውስጥ የካርቦን ንጣፍ ፈንታ በማግኔት የሚሠራ ሴንሰር ስላለ በኦም መለካት ምንም አያሳይም፤ መለካት ያለበት ቮልቱ ነው። ቁልፉ ክፍት ሆኖ ሳለ ደግሞ ማንም ጣቱን በአየር በሩ ውስጥ አያስገባ፤ ሞተሩ በሩን በድንገት በኃይል ሊዘጋው ይችላል። ሴንሰሩ ብቻውን ስለማይሸጥ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ሙሉው የአየር በር ነው፤ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ያለ ልኬታ ማጽደቅ የበለጠ ያስጠይቃል።

የእነዚህ ድርብ ሴንሰሮች ነገር በዓለም አቀፍ ደረጃም አከራክሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ቶዮታ ያለ ሹፌሩ ፈቃድ ፈጠኑ በተባሉ መኪናዎች ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ለእርማት ጠርቶ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ጉዳዩን የጠፈር ምርምር ተቋሙ የናሳ መሐንዲሶች እንዲመረምሩት አደረገ፤ በ2011 በወጣው ውጤት ለአደገኛው መፍጠን ምክንያት የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አልተገኘም፤ በማስረጃ የታወቁት ምክንያቶች በቦታው የማይመለስ ፔዳልና ፔዳሉን የሚይዝ የእግር ምንጣፍ ነበሩ። እኛም ከዚህ የምንወስደው ቀላል ነገር ነው፤ በመኪናዪቱ ወለል ላይ በሌላ መኪና ልክ የተቆረጠ ወይም ተደራርቦ የተነጠፈ ምንጣፍ ካለ ዛሬውኑ ይነሣ።

ለጋራዡ የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ አጭር ነው። የተነበበው ኮድ፣ በሶኬቱ የተገኘው 5 ቮልት፣ በሩ ዝግና ክፍት ሲሆን የተነበበው ቮልት፣ በጉዞው ላይ የታየው መውደቅ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር ይምጣ። የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ለንብረት ክፍሉ ይመለስ። ይህን መጠየቅ መካኒኩን መናቅ አይደለም፤ ጥሩ መካኒክ ወረቀቱን በደስታ ይሰጣል፤ በኋላ ቅሬታ ቢነሣ የሚከላከለው እርሱን ነውና። ለካቶ የሚሠራ ባለሙያ ማግኘትም በባሕር ዳር የሚያስቸግር አይመስለንም፤ ከተማዪቱ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቷን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ከከፈተችበት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የቴክኒክ ትምህርት ያልተለያት ናት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያሉት መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ቢተኳቸውም፣ የአየር በር ባይኖራቸውም፣ ባለ ሁለት መልእክቱ የፔዳል ሴንሰር በእነርሱም ላይ አለ።

በደሴት ላይ ላሉ ገዳማት፣ ለዳጋ እስጢፋኖስ፣ ለናርጋ ሥላሴ፣ ለጣና ቂርቆስና ለመሰሎቻቸው፣ የመኪናውን ሥራ የሚሠራው ጀልባ ነው። ከጀልባው ጀርባ የሚንጠለጠሉት ባለ ሁለት ምት የካርቡራተር ሞተሮች የትሮትል ሴንሰር የሚጠረጠርባቸው አይደሉም። ባለ አራት ምቶቹና በኢንጀክተር የሚሠሩት ግን አላቸው፤ አለካኩም ከላይ እንደገለጽነው ነው። በጣና ላይ ግን ከሴንሰሩ በፊት እምቦጭ ይጠረጠራል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው ይህ አረም በሞተሩ መቅዘፊያ ላይ ይጠመጠማል፤ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚገባበትንም ቀዳዳ ይደፍናል። ብዙ ዘመናዊ የጀልባ ሞተሮች ሲግሉ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ቀዛፊው ይህን የሴንሰር ብልሽት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ኃይሉ ሲቀንስ ሞተሩ ይጥፋ፤ መቅዘፊያው ይጽዳ፤ እንደገና ሲነሣም ከጎኑ የሚፈነጥቀው የማቀዝቀዣ ውኃ መውጣቱ ይታይ። ውኃው በደንብ እየወጣ፣ መቅዘፊያውም ነጻ ሆኖ ማመንታቱ ከቀጠለ ያን ጊዜ የሴንሰሩ ሶኬት ይፈታል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ይህ ምርመራ በወደቡ ላይ፣ ጀልባው ታስሮ፣ በጠዋት ይደረግ። የጀልባ ሞተር ሶኬት በእርጥበት ውስጥ ስለሚኖር ከተለካ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ውኃ የሚከለክለው ቀጭን ጎማ በቦታው መቀመጡ ታይቶ መዘጋት አለበት፤ ጎማው ከተቀደደ ከሴንሰሩ ይልቅ እርሱ ይለወጥ።